የሜሊንዳ ዝምታና በዙሪያዋ የነበሩ ሰዎች



ባለፈው የዕረፍት ጊዜ በጥናት ክፍላችን አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ስናነብ ቆይተናል። መጽሐፉ አንድ ብቻ ስለ ነበረ፣ ከመካከላችን በቋንቋው የሚሻለው ወንድማችን ጮክ ብሎ እያነበበ ወዲያው ወደ አማርኛ ይመልስልን ነበር። እኛም እናዳምጣለን፣ ከዚያም እንከራከራለን። አንዳንድ ቀን ክርክሩ ከንባቡ ይረዝም ነበር። የመጽሐፉ ስም «ስፒክ» ነው፤ «ተናገሪ» እንደ ማለት ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በቦታው ላልነበራችሁት የክርክራችንን ፍሬ ለማካፈል ስለ ሆነ፣ መጽሐፉን ራሳችሁ ለማንበብ ያሰባችሁ መጨረሻውን እዚህ እንደምንናገር አስቀድማችሁ ዕወቁልን።

ደራሲዋ አሜሪካዊቷ ሎሪ ሃልስ አንደርሰን ናቸው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሞ፣ በዚያው ዓመት ለአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች መካከል ተቆጠረ። በ2004 ፊልም ወጣለት፤ በ2018 ደግሞ ኤሚሊ ካሮል የተባሉ ሠዓሊ በሥዕላዊ ታሪክ መልክ ሣሉት። በአንዳንድ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች «ይህ ለልጆች አይሆንም» ተብሎ ከቤተ መጻሕፍት እንዲወጣ የተጠየቀበት ጊዜም ብዙ ነው። ደራሲዋ በ2019 ባወጡት «ሻውት» በተባለ የግጥም መጽሐፍ፣ እርሳቸውም በ13 ዓመታቸው ተደፍረው ለብዙ ዓመታት ለማንም ሳይናገሩ እንደ ኖሩ ገልጸዋል። ስለዚህ ስለ ዝምታ የጻፉት ከሩቅ ሆነው አይደለም።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሜሊንዳ ሶርዲኖ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር፣ በሲራኪዩስ ከተማ የምትኖር ልጅ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ከመግባቷ በፊት፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሊያበቃ ሲል፣ ከጓደኞቿ ጋር ወደ አንድ የወጣቶች ግብዣ ትሄዳለች። በዚያም አንዲ ኢቫንስ የተባለ፣ በዕድሜም በክፍልም የሚበልጣት፣ መልኩን ሁሉ የሚያደንቅለት ተማሪ አስገድዶ ደፈራት። እየተንቀጠቀጠች ስልክ አንሥታ ወደ ፖሊስ ደወለች፤ ነገር ግን ቃል አልወጣላትም። ፖሊስ መጣ፣ ግብዣው ተበተነ፣ የታሰሩም ነበሩ። ትምህርት ሲከፈት ሜሊንዳ የምትታወቀው «ፖሊስ የጠራችብን» በሚል ብቻ ሆነ። የተቀረው መጽሐፍ የአንድ የትምህርት ዓመት ዝምታ ነው፤ በአራት የትምህርት ወቅቶች ተከፍሎ በየወቅቱ መጨረሻ ውጤቷ ሲያሽቆለቁል ያሳየናል። ከመካከላችን ሙዚቃ የሚያውቅ አንድ ወንድም እንደ ነገረን፣ ሶርዲኖ የሚለው የቤተ ሰቧ ስም በሙዚቃ ቋንቋ የመሣሪያን ድምፅ የሚያፍን ዕቃ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሁላችንም ያነሣነው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ለምን አልተናገረችም? አንዱ «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ጠቅሶ፣ ልጅቱ ያደረገችው አባቶቻችን የመከሩትን ነው አለ። አንዲት እኅታችን ደግሞ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብላ መለሰችለት። ሳቅን፤ ተረት በተረት ሆነ። ሁለቱም ግን ጉዳዩን በሜሊንዳ አፍ ላይ ብቻ ነበር የጣሉት። ንባቡ እየገፋ ሲሄድ ጥያቄያችን ሳናውቀው ተለወጠ፤ ለማን ትናገር? ወደሚለው መጣ። ይህ ጥያቄ ደግሞ ስለ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሳይሆን በዙሪያዋ ስላሉት ሰዎች ነው።

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ስለ ንዑሳን ገጸ ባሕርያት የተማርነው፣ ለዋናው ገጸ ባሕርይ ማድመቂያና ማሳያ ሆነው እንደሚገቡ ነው። ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል። በዚህ መጽሐፍ ግን እኒያን ሰዎች ብናወጣቸው ዝምታው ራሱ አይኖርም። ዝምታዋን አብረዋት የሠሩት እነርሱ ናቸው፤ አንዳንዱ በመቸኮሉ፣ አንዳንዱ በመፍራቱ፣ አብዛኛውም ሌላ ሥራ ስለ ነበረበት።

ከሄዘር እንጀምር። ሄዘር ከኦሃዮ የመጣች አዲስ ተማሪ ናት፤ ማንንም ስለማታውቅ ማንም ከማይቀርባት ሜሊንዳ ጋር ትወዳጃለች። ማለዳ ማታ ታወራለች፤ ስለ ቤቷ፣ ስለ ልብሷ፣ ሊገባበት ስለሚገባው የተማሪዎች ማኅበር። የሜሊንዳን ዝምታ እንደ ጥሩ አድማጭነት ነው የቆጠረችው። የሚያምሩ ልጆች ያሉበት «ማርታዎች» የተባለ ቡድን ሲቀበላት፣ የቡድኑን ሥራ ከፊሉን ሜሊንዳ ላይ ትጭናለች። በኋላም በምሳ ሰዓት አስቀምጣት፣ ጓደኝነታችን ይብቃ፣ አንቺ ከሐዘን የማትወጪ ሰው ነሽ፣ ሐኪም ያስፈልግሻል ትላታለች። የሚገርመው ነገሩ እውነት መሆኑ ነው፤ ሜሊንዳ በእርግጥ ርዳታ ያስፈልጋት ነበር። ሄዘር በሽታውን በትክክል አይታ፣ በሽተኛዋን ለመሸኘት ተጠቀመችበት። በየካቲት ወር በሚከበረው የፍቅረኞች ቀን ሜሊንዳ በሣጥኗ ላይ ደብዳቤ ስታገኝ ልቧ ይመታል፤ ስትከፍተው ግን ለሄዘር የሰጠቻት የጓደኝነት ሐብል ተመልሶላት ነው። በዚህ ቦታ ከእኅቶች አንዷ ማንበቡ ይቁም ብላ ውኃ ጠጥታ ተመለሰች።

የወላጆቿን ነገር ስንሰማ ልንፈርድባቸው ቸኩለን ነበር። እናቷ በከተማው መካከል ያለ የልብስ መደብር ኃላፊ ናት፤ አባቷ በመድን ሥራ ይውላል። ቤተ ሰቡ የሚነጋገረው ማእድ ቤት ውስጥ በሚተዉት ብጣሽ ወረቀት ነው፤ ራትሽን ግዢ፣ ዘግይቼ እመጣለሁ፣ የመሳሰለው። ውጤቷ ሲወድቅ ትምህርት ቤት ተጠርተው፣ ከርእሰ መምህሩና ከአማካሪዋ ጋር ተቀምጠው፣ እናትየዋ ልጅቱ ሰው እንዲያያት ነው እንዲህ የምታደርገው ትላለች። በእጇ አንጓ ላይ ጭረት ስታይ እንኳ ለዚህ ጊዜ የለኝም ብላ ታልፋለች። እዚህ ላይ ሁላችንም ዝም አልን።

ሆኖም ደራሲዋ ወላጆቹን ጨካኞች አድርገው አልሣሏቸውም። ለገና በዓል ወላጆቿ የሥዕል ወረቀትና የከሰል እርሳስ ይሰጧታል፤ ስትሥል አይተናል ብለው። ሜሊንዳ እንባዋ ይመጣል፤ አዩኝ ማለት ነው ብላ ታስባለች። ምሥጢሩ እስከ ከንፈሯ ደርሶ ነበር፤ ቃሉን ለማውጣት ግን ጊዜ ያስፈልጋታል፣ ያም ጊዜ ያልፋል። በዚያ ማለዳ ከወላጆቿ አንዱ ጥቂት ቢቀመጥ ኖሮ መጽሐፉ እዚያው ሊያልቅ ይችል ነበር ብለን እናምናለን። ቅርብ ሰው ያልሰማው ሁልጊዜ ስለማይወድ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከመቀመጫው ቀድሞ ስለሚነሣ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን የሬቸል ነገር ነው። ሬቸል የሜሊንዳ የልብ ጓደኛ ነበረች። በመጀመሪያው የትምህርት ቀን ግን እጠላሻለሁ የሚለውን ቃል ያለ ድምፅ በከንፈሯ ብቻ ነገረቻት። በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ሬቸል የዚያው የአንዲ ኢቫንስ ወዳጅ ትሆናለች። ሜሊንዳም ትፈራላታለች። ራሷን ለማዳን መናገር ያቃታት ልጅ ጓደኛዋን ለማዳን ስትል ቃል ማውጣት ትጀምራለች። በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ናቸው፤ እዚያ መነጋገር ክልክል ስለ ሆነ በአንድ ደብተር ላይ እየተጻጻፉ ይጨዋወታሉ። ሜሊንዳ ስለዚያ ሌሊት ትጽፋለች፤ ፖሊስ የጠራሁት ግብዣውን ለመበተን አልነበረም፣ ተደፍሬ ነው ብላ። ሬቸል ደነገጠች፣ አዘነች፣ ለምን አልነገርሽንም አለች፤ ማን ነው? ብላም ጻፈች። ሜሊንዳ ስሙን ጻፈች። ያን ጊዜ ሬቸል ብድግ ብላ ውሸታም ብላት ሄደች።

አስተውላችሁ እንደ ሆነ፣ ሬቸል ነገሩን እስከ ስሙ ድረስ አምናለች። የተጎዳች ልጅ መኖሯን ማመን አልከበዳትም፤ ያደረገውን ሰው ማመን ነው የከበዳት። ያለ ስም የሚነገር ክፉ ነገር ሁሉን ያሳዝናል፤ ስሙ የምናውቀው፣ የምንወደው፣ አብሮን የሚበላ ሰው ሲሆን ግን ሐዘናችን ወደ ቁጣ ይዞርና በተናገረችው ላይ ይወርዳል። አንዱ ወንድማችን በግልጽ «እኔም ብሆን ማስረጃ እጠይቃት ነበር» አለ። እኅቶች ተቆጡ፤ እርሱም በቦታው ጸና፤ ሰው በሐሰት እንዳይከሰስ መጠንቀቅ ኃጢአት ነውን? አለ። ይህን ጥያቄ ቀላል አድርገን ልናልፈው አንሻም። ነገር ግን አንዲት እኅት የመለሰችለት ለሁላችን ትምህርት ሆነ። በአማርኛችን «ጠየቀ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው አለች፤ ዳኛ ተከሳሽን ይጠይቃል፤ ጎረቤትም የታመመውን ይጠይቃል። ሬቸል ዳኛ አልነበረችም፤ በደብተር ላይ ፍርድ እንድትሰጥ የጠራትም የለም። ለዳኝነቱ ቦታም ጊዜም አለው። ከጓደኛዋ የሚፈለገው ሁለተኛው ዓይነት መጠየቅ ነበር።

ለሬቸል ፍትሕ እናድርግላትና፣ በዓመቱ መጨረሻ በሚደረገው የተማሪዎች ዳንስ ምሽት የአንዲን እጅ ራሷ አይታ ከእርሱ ተለይታለች። የሜሊንዳ ቃል ያላሳመናትን የራሷ ሰውነት አሳመናት ማለት ነው። ዋጋው ከዚህ ሊከብድ ይችል ነበር።

ከመምህራኑ መካከል ሜሊንዳ «አንገት» እያለች የምትጠራውን የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር በአጭሩ እንለፈው፤ ኃይለኛ ሰው ነው፣ ያ ነው። የሚጠቅመን በእርሱ ክፍል የሆነው ነው። መምህሩ አሜሪካ በሯን ለስደተኞች መዝጋት ነበረባት የሚል ክርክር ራሱ ከፍቶ፣ ክርክሩ እንደ ልቡ ሳይሄድለት ሲቀር ይዘጋዋል። ዴቪድ ፔትራኪስ የተባለ ጎበዝ ተማሪ ተነሥቶ ይቃወመውና ክፍሉን ጥሎ ይወጣል፤ በኋላም ድምፅ መቅጃ ይዞ ይገባል። ሜሊንዳ ይህን ልጅ ታደንቀዋለች፤ እኛም አደነቅነው። ይሁን እንጂ ሜሊንዳ በአሜሪካ ለሴቶች የመምረጥ መብት ስለ ታገሉ እናቶች ጽፋ፣ በክፍል ፊት ማንበብ አቅቷት ጽሑፉን አባዝታ ባደለች ጊዜ፣ ዴቪድ በኋላ ያገኛትና እነዚያ ሴቶች የታገሉት ለመናገር ነው እንጂ ለዝምታ አይደለም ብሎ ያርማታል። የተናገረው እውነት ነው። ግን ለዴቪድ መናገር ማለት መምህርን መቃወም ነው፤ ከኋላውም ጠበቃ የሚቀጥሩ ወላጆች አሉት። የእርሷ አፍ በምን እንደ ተያዘ አያውቅም። ደፋር ሰው ሁሉ ድፍረትን ቀላል ነገር አድርጎ ያያል፤ እኛ በክርክር ጎበዝ ነን የምንለው ሰዎች በተለይ ይህን ብናስብበት መልካም ነው።

ወደ ሥዕል መምህሩ ወደ ፍሪማን እንምጣ። ብዙዎቻችን እርሳቸው ያደረጉት ነገር ምን እንደ ሆነ መጀመሪያ አልታየንም ነበር፤ ምክንያቱም ምንም ያደረጉ አይመስሉም። በዓመቱ መጀመሪያ ከተሰበረ የዓለም ሉል ውስጥ እያንዳንዱ ተማሪ ብጣሽ ወረቀት እንዲያወጣ ያደርጋሉ፤ ለሜሊንዳ የደረሳት ዛፍ የሚል ነው። ዓመቱን ሙሉ ዛፍ ትሥላለች፤ ይበላሻል፤ ደግማ ትሥላለች። በምስጋና ቀን እናቷና አባቷ ያበላሹትን የቱርክ ዶሮ አጥንት ይዛ መጥታ፣ አጥንቱን አያይዛ፣ የአሻንጉሊት ራስ ጨምራ፣ አፉን በማጣበቂያ ታሽገዋለች። ወላጆች፣ አማካሪ፣ ርእሰ መምህር ያላዩትን መምህር ፍሪማን ከዚያ አጥንት ላይ ያያሉ፤ ይህ ሕመም አለበት ይላሉ። ሆኖም አፉ ለምን ታሸገ? ብለው አላፋጠጧትም። ሌላ ቀን በመኪናቸው ሲያደርሷት፣ ብዙ የምትናገሪው እንዳለ ይሰማኛል፣ ብሰማው ደስ ይለኛል የሚል አሳብ ጣል አድርገው ይተዋሉ። በሩን አሳዩዋት እንጂ ገፍተው አላስገቧትም። በመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ሜሊንዳ ዛፉን ጨርሳ ልትናገር አፏን የምትከፍተው ለእርሳቸው ነው። ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ሳይቸኩሉ የቆዩላት እርሳቸው ነበሩ።

ስለ ማያ አንጀሉም አንድ ቃል እንበል። ሜሊንዳ በትምህርት ቤቱ ውስጥ የተተወች የጽዳት ዕቃ ክፍል አግኝታ መደበቂያዋ ታደርጋለች፤ በመስታወቱም ላይ የዚህችን ጥቁር አሜሪካዊት ደራሲ ሥዕል ትለጥፋለች። ሥዕሏ በታሪኩ ውስጥ ቃል አይናገርም፤ ግን በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስለንም። ማያ አንጀሉ (1928–2014 እ.ኤ.አ.) በ1969 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው እንደ ጻፉት፣ በሕፃንነታቸው በእናታቸው ወዳጅ ተደፍረው ነበር። ስሙን ተናገሩ፤ ሰውየው ብዙ ሳይቆይ ተገድሎ ተገኘ። ሕፃኗም ድምፄ ሰው ገደለ ብላ አምስት ዓመት ያህል ከወንድሟ በቀር ከሰው ጋር መነጋገር ተወች። በአርካንሳስ፣ ስታምፕስ በተባለች ትንሽ ከተማ ወይዘሮ ፍላወርስ የተባሉ ሴት ቤታቸው ጠርተው፣ ብስኩትና መጠጥ አቅርበው፣ መጽሐፍ ጮክ ብለው አነበቡላት፤ መጻሕፍትም አዋሷት። እርሳቸውም እንደ ፍሪማን ምን ደረሰብሽ? አላሏትም።

አሁን ስለ ግድግዳው እንናገር። ሜሊንዳ በሴቶች መጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ልትርቋቸው የሚገቡ ወንዶች የሚል ርእስ ጽፋ ከሥሩ የአንዲን ስም ታሰፍራለች። ከሥዕል ክፍሏ ልጅ ከአይቪ ጋር ሆነው በሌላ ቀን ሲያዩት ግድግዳው ሞልቷል። በልዩ ልዩ ቀለም፣ በልዩ ልዩ እጅ፣ ሌሎች ልጃገረዶች ስለዚያው ስለ አንዲ ጽፈዋል። አይቪ በታሪኩ ውስጥ ትልቅ ቦታ የላትም፤ ግን ዓመቱን ሙሉ ካልሸሿት ጥቂት ሰዎች አንዷ ናት፤ ያንንም ግድግዳ ያየችው ከአይቪ ጎን ቆማ ነው። ለብዙ ወራት እኔ ብቻ ነኝ ብላ የኖረች ልጅ ብቻዋን እንዳልነበረች ያወቀችው በእነዚያ የማይታወቁ እጆች ነው። ስም የሌላቸው ንዑሳን ገጸ ባሕርያት ናቸው። እያንዳንዳቸው ዝም ብለው ነበር፤ እያንዳንዳቸውም ብቻቸውን መስሏቸው ነበር።

መጨረሻው ላይ አንዲ በዚያች ክፍል ገብቶ ዳግመኛ ሊያጠቃት ሲሞክር ሜሊንዳ ትጮኻለች፤ የተሰበረ መስታወት በአንገቱ ላይ ታደርጋለች። በሩን የሚደበድቡት የቀድሞ ጓደኛዋ ኒኮልና የላክሮስ ቡድኗ ናቸው። ከወንድሞች አንዱ፣ ኒኮል እስከ ዛሬ የት ነበረች? ብሎ ጠየቀ። ክፋት አልሠራችም፤ በስፖርቷ ተጠምዳ ነበር። ጩኸቱ ሲሰማ ግን ሮጠች። እኛም አብዛኞቻችን ጩኸት ከሰማን የምንሮጥ ሰዎች ነን። ክፍተታችን ጩኸት በሌለበት ጊዜ ነው።

ይህን ስናነብ የራሳችን ነገር ትዝ አለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእኛ ጋር የምትዘምር አንዲት እኅት ነበረች። ከፊት ረድፍ ወደ ኋላ ተቀመጠች፤ ቀጥሎ መዘመር ተወች፤ ቀጥሎ መምጣት ተወች። በስም መጥሪያ መዝገባችን ላይ ሰባት እሑድ ተከታትሎ «ቀሪ» ተብሎ በቀይ ተጽፏል። በስምንተኛው ስሟ ተሰረዘ፤ በጎኑም «በፈቃዷ የተወች» ይላል። ኮርታ ነው ያለ ነበር። ሌላም ያለ ነበር። ቤቷ ከምንማርበት አዳራሽ ብዙ የማይርቅ ሳለ፣ ከመካከላችን የሄደ አንድም ሰው የለም። አሁን ቤተ ሰቡ ሰፈር ለቅቋል። ምን እንደ ነበረባት አናውቅም፤ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ትምህርት በዝቶባት፣ ወይም እኛ ሰልችተናት ይሆናል። በፈቃዷ የተወች ብለን የጻፍነው ግን ሳንጠይቃት ነው፤ በሁለቱም ዓይነት መጠየቅ።

መዝገቡን የምትይዘው እኅት ንባቡ ካለቀ በኋላ ገጹን አምጥታ አሳየችን። ከዚያ ወዲህ «ቀሪ» ከሚለው ዓምድ ቀጥሎ «ማን ጠየቀ» የሚል ጠባብ ዓምድ በማስመሪያ አስምራ ጨምራለች። በመጀመሪያው እሑድ ከአሥራ አንድ ቀሪዎች አጠገብ ሦስት ስም ተጻፈበት፤ ባለፈው እሑድ አምስት።